እድፉ የት ያልቃል፣ ቡሹስ የት ይጀምራል?

ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የቡሽ እጀታ ላይ አልለቅ ያለ እድፍ በምን ይለቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ስፖንጅ፤ ያ ካልበቃ በውሃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ፤ ያም ካልበቃ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት። ዘንግ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ እኔም የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። የሚያስጨንቀኝ ከሳሙናው ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው። በሳሙና የሚለቅ እድፍ ጥያቄ አያስነሣም። እሱ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ቡሹ እጅ ላይ ይቀራል፤ ሁለት እንደነበሩ በመለያየታቸው እናውቃለን። ታሽቶ ታሽቶ የማይለቀው ግን ስለ ሁለትነቱ ምንም ማስረጃ አይሰጠንም። እድፍ ብለን የምንጠራው ከሥሩ ንጹሕ ነገር አለ ብለን ስለምናምን ብቻ ነው። ደጋግመን አጥበን ያልተገለጠልንን ንጹሕ ነገር፣ አለ የምንለው በምን አይተነው ነው? እድፉ የሚያልቅበትና ቡሹ የሚጀምርበት መስመር በእርግጥ አለ? ወይስ እጃችን ሲደክመው መፈተጉን ባቆምንበት ቦታ ላይ የሚፈጠር መስመር ነው?

ጥያቄው ከነገሩ እንዳይርቅ ቡሹ ራሱ ምን እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ቡሽ በምዕራባዊው የሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅል የአንድ ዓይነት ባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከፖርቱጋል ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ፣ በሰላ ሰንጢ በስሱ የቆረጠውን ቡሽ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በውስጡ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን ክፍሎችን እንዳየ ጽፏል፤ በአንድ ኢንች ኩብ ውስጥ ከ1,200 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ ብሎም አስልቷል። የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዋስ ብሎ የጠራቸው ነገሮች እነዚህ ነበሩ፤ የሞቱና ባዶ የሆኑ። ሁክ ያየው ሕይወቱ ወጥቶ ያለቀበትን ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ሱበሪን በተባለ ሰም መሰል ነገር የተለበጠ ነው፤ ውስጡ አየር ነው። ቡሽ ሲያዝ ቀዝቃዛ የማይሆነው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ወይን ለብዙ ዓመት አፍኖ የሚያቆየው ስለዚህ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ግራ መጋባት ይመጣል። ውሃ የማያሳልፍ ነገር እድፍን በየት በኩል አሳለፈው?

መልሱ ሥራው ውስጥ ነው። እጀታ ሲሠራ ከቅርፊቱ የተቆረጡ፣ መሃላቸው የተበሳ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች የሚወፍሩ ቀለበቶች ጎን ለጎን በኮላ ይጣበቃሉ። ከዚያ ቶርኖ ላይ እየዞሩ ይሞረዳሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፣ የመዳፍ ቅርጽ ይይዛሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ላዩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ተቆርጠው አፋቸውን ይከፍታሉ። ከሥራቸው ያሉት እንደታሸጉ ናቸው፤ ላዩ ላይ ያሉት ግን ክፍት ናቸው። የእጅ ወዝ፣ የዓሣው ዝልግልግ፣ የወንዙ ደለል፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚያርፈው እነዚህ ክፍት አፎች ውስጥ ነው። ስለዚህ እድፉ ቡሹን ሰብሮ አልገባም፤ እኛ ስንቀርጸው በከፈትንለት ገባ። እጀታውን ለእጅ ያመቻቸው ሥራ ለእድፍም አመቻቸው፤ ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ መሥራት አልተቻለም። ይህን ካሰብኩ በኋላ «ንጹሕ እጀታ» የሚለውን ሐሳብ እንደ ድሮው በቀላሉ ማሰብ አልቻልኩም። እጀታነቱ ራሱ ለመነካት መከፈት ነውና።

ታዲያ እድፍ ምንድን ነው? ብሪታኒያዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ንጽሕናንና አደጋን በሚመለከተው መጽሐፏ፣ ቆሻሻን ከቦታው ውጭ የተገኘ ነገር አድርጋ ተመልክታዋለች። በዚህ አስተሳሰብ በባሕርዩ ቆሻሻ የሆነ ነገር የለም፤ አንድ ሥርዓት ሲኖርና አንድ ነገር ከዚያ ሥርዓት ሲያፈነግጥ ነው ቆሻሻ የሚወለደው። ሐሳቡን በዓሣው ዝልግልግ እንፈትነው። ዓሣው ላይ ሳለ ይህ ነገር ጋሻው ነው፤ ከበሽታና ከጥገኛ ነፍሳት ይከላከልለታል። ዓሣ ይዘው መልሰው የሚለቁ አጥማጆች ዓሣውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውሃ የሚነክሩት ይህ ሽፋን እንዳይገፈፍ ነው። ያው ነገር ከዓሣው ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ እጀታ ሲሻገር ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ እኛም እድፍ እንለዋለን። እስከዚህ ድረስ ፍቺው ያስኬዳል። እንዲያውም የማልወደውን ነገር ያስታውሰኛል፤ እኔ በሳሙና የማባርረው ነገር ከሌላ ፍጡር ቆዳ ላይ የገፈፍኩት መጠበቂያ ነው።

ነገር ግን ፍቺው ከሚገባው በላይ ይሰበስባል። በጣናም በዝዋይም ዓሣ የሚወጣው በአብዛኛው በመረብ ነው፤ የቡሽ እጀታ ያለው ዘንግ በአገራችን ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚታየው በባሌ ተራሮች፣ በወይብና በዳንካ ወንዞች ዳር ነው። እዚያ የሚጠመደው ትራውት የአገሩ ዓሣ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። አጥማጁ የጨበጠው ቡሽ ከፖርቱጋል የመጣ ቅርፊት ነው። ከቦታው መራቅ እድፍ የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ በዚያ ወንዝ ዳር ንጹሕ የሚባል አንድም ነገር አይገኝም ነበር፤ ዓሣውም፣ ዘንጉም፣ ምናልባት ሰውየውም እድፍ በሆኑ ነበር። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ከቦታቸው ከራቁት ነገሮች አንዳንዶቹን እንግዳ እንላለን፣ አንዳንዶቹን ዕቃ እንላለን፣ አንዳንዶቹን ብቻ እድፍ እንላለን። ስለዚህ ከቦታ መራቁ አንድ ነገር ነው፤ አንዱን እንግዳ ሌላውን እድፍ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያንን ደግሞ ፍቺው አልነገረንም።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ብዙ አጥማጅ ከቦታ ቦታ ሲሄድ መንጠቆውን እጀታው ላይ ሰክቶ ይሄዳል። እርጥብ ብረት ቡሽ ውስጥ ሲያድር በቦታው ጥቁር ነጥብ ይቀራል፤ ይህ ነጥብ በሳሙና ፈጽሞ አይለቅም። ከየት መጣ? ዝገቱ ጥቁር አልነበረም፤ ቡሹም ጥቁር አልነበረም። በቡሹ ውስጥ ታኒን አለ፣ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ከመገናኘታቸው ተወለደ። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፈበት ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭና ከብረት ጨው። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ግን በአብዛኛው ከጥላሸት ነው፤ የጥላሸት ቀለም ብራናው ላይ ያርፋል እንጂ ብራናውን አይለውጠውም። ሁለቱም ያጠቁራሉ፣ ሁለቱም ይነበባሉ፤ ነገር ግን አንደኛው እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሌላኛው ተዋልዷል። የእጀታው እድፍም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። የመንጠቆው ጥቁር ነጥብ ከቦታው ውጭ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሌላ ቦታ አልነበረውም። ግማሹ ብረት ነው፣ ግማሹ ግን ቡሹ ራሱ ነው። «እድፉን ከቡሹ አስለቅቅ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ሲደርስ ቡሹን ከቡሹ አስለቅቅ ማለት ይሆናል። ኦክሳሊክ አሲድ በጥንቃቄና በጓንት ቢቀባ ብረቱን ከታኒኑ ነጥቆ በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ ጥቁሩም ይደበዝዛል። ይህ ግን ከማጠብ የተለየ ድርጊት ነው። ማጠብ አብረው የተቀመጡትን ያነሣል፤ ይህኛው የተጋቡትን ያፋታል። ከፍቺ በኋላ ቡሹ ከጋብቻው በፊት ወደነበረበት ይመለሳል ወይ ብትሉኝ፣ ታኒኑ ከብረት ጋር የዋለበትን ጊዜ የሚሰርዝ አሲድ የለም፤ የሚጠፋው የሚታየው ምልክት ነው።

አዲሱ እጀታ ራሱ ምን ያህል ቡሽ እንደሆነ ብንጠይቅ ደግሞ መሬቱ ይበልጥ ይከዳናል። ከሱቅ የሚወጣ እጀታ ወጥና ገርጣ ያለ ነው፤ ቡሽ ግን በተፈጥሮው ወጥ አይደለም። ዛፉ በወፍራም ቅርፊቱ ውስጥ አየር የሚያሳልፍባቸው መተንፈሻዎች አሉት፤ ቅርፊቱ ሲቆረጥ እነዚህ መተንፈሻዎች ጠቆር ያሉ ሰረዞችና ጉድጓዶች ሆነው ይታያሉ። ጉድጓድ ያነሰው ቡሽ ውድ ነው፤ ዋነኛው ገዢም የወይን ጠርሙስ ክዳን ሠሪው ነው። ስለዚህ እጀታ ሠሪው የደረሰውን ቡሽ ጉድጓዶች በስቱኮ ይደፍናቸዋል፤ ስቱኮው የቡሽ ብናኝና ኮላ ነው። ገዢው የሚያየው ንጽሕና በከፊል ይህ ልስን ነው። ከዓመታት በኋላ እጀታውን በብሩሽ አጥብቆ የሚያሽ ሰው ከእድፉ ጋር ስቱኮውንም ያነሣል፤ ጉድጓዶቹም ይገለጣሉ፤ እጀታው ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ይልቅ የጎሳቆለ ይመስላል። ሰውየው ደንግጦ መፈተጉን ይቀጥላል፤ የዛፉን መተንፈሻ እድፍ መስሎት ይፍቀዋል። የተገለጠለት ግን ፍለጋ የወጣለት ነገር ነበር፤ ከሁሉ በታች ያለው፣ ያልተነካው፣ ማንም ያልለሰነው ቡሽ። ንጹሑን ፈልጎ እውነተኛውን አገኘ፣ እውነተኛውም ደስ አላሰኘውም።

ይህ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። እድፍ ማለት በቡሹ ላይ የተጨመረ ባዕድ ነገር ከሆነ ስቱኮውም እድፍ ነው፤ ቀለሙ ስለተመሳሰለና ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ እድፍ አልተባለም። አይ፣ ልዩነቱ ፈቃድ ነው፤ ስቱኮውን ፈልገነዋል፣ ወዙን ግን አልፈለግነውም የሚል ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን አይጸናም። ዘንጉን የያዝነው ወድደን ነው። ጠዋት ከወንዝ ዳር ቆመን እጃችን እስኪያልበው የጨበጥነው ማንም አስገድዶን አይደለም። ታዲያ መያዙን ፈቅደን፣ በመያዝ የሚመጣውን አልፈቀድንም ማለት እንችላለን? አንድን ድርጊት መውደድና ድርጊቱ ጥሎት የሚሄደውን ምልክት መጥላት እንዴት አብረው ይኖራሉ? ወዙ ያለ እኛ ፈቃድ አልመጣም፤ ፈቃዳችንን ተከትሎ መጣ። የማንፈልገው ምናልባት ወዙን ሳይሆን ጊዜው ማለፉን የሚመሰክርብንን ነገር ነው።

ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ስንመጣ ጥያቄው ይከርራል። ሳሙና ይለያል፤ ብርጭቆ ወረቀት አይለይም። ያደፈውን ሕዋስ ከነእድፉ ይፍቀዋል፣ ሁለቱም አንድ ብናኝ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ይወድቃሉ። «እድፉ ለቀቀ» እንላለን፤ የለቀቀው ግን ቡሹ ነው። ብዙዎች የሚወዱት ነጩ ሜላሚን ስፖንጅም ከዚህ አይለይም፤ በእጅ ሲነካ ለስላሳ ስለሆነ ከሳሙና ወገን ይመስላል እንጂ ሥራው የደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ይሆናሉ። አንደኛ፣ እጀታው በጥቂቱ ይቀጥናል። ሁለተኛ፣ ከሥር ታሽገው የነበሩት ሕዋሳት በተራቸው ይቆረጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ። አሁን የተፋቀ ቡሽ ገርጣ ብሎ ዓይን ይስባል፤ ለእድፍም ከሁሉ ይልቅ የተዘጋጀው እሱ ነው። አሮጌውን እጀታ የዓመታት ወዝ አፉን ሞልቶ እንደ ነገሩ ዘግቶት ነበር፤ አዲሱን የሚዘጋው የለም። ንጽሕና ብለን የደረስንበት ነገር ሲመረመር፣ ገና ያልተቀበለ ግን ለመቀበል የቸኮለ ገጽ ሆኖ ይገኛል። የእድፍ ተቃራኒ አይመስለኝም፤ የእድፍ መጀመሪያ ይመስለኛል።

ዛፉን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ነገር ይበልጥ ይከብደኛል። በፖርቱጋል የቡሽ ባሉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው ግንዱ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ዙሪያው 70 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ነው፤ ለዚህ 25 ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በአንዱ ልጥና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ 9 ዓመት ማለፍ እንዳለበት ሕግ ያዝዛል፤ ሳይረሳ እንዲቆጠርም የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ግንዱ ላይ በቀለም ይጻፋል። የመጀመሪያው ቅርፊት ሻካራ ነው፤ ሁለተኛውም ገና የጠራ አይደለም፤ ለጥሩ ክዳን የሚሆነው ከሦስተኛው ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ዛፉ 40 ዓመት አልፎታል። የሚላጠው በበጋ፣ በመጥረቢያ ነው። የላጩ ጥበብ ያለው በምቱ ኃይል ላይ አይደለም፤ የት እንደሚያቆም በማወቁ ላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር አዲስ ቅርፊት የምታበቅል ስስ ሽፋን አለች፤ መጥረቢያው እሷን ከነካ ዛፉ በዚያ ቦታ ይቆስላል። እስከ እሷ ድረስ ያለው የሚሰጥ ነው፤ ከእሷ በኋላ ያለው ዛፉ ነው። ላጩ እኔ የፈለግኩትን መስመር አግኝቶታል፤ ለእሱ መስመሩ በእርግጥ አለ፣ ሕያውም ነው፣ ከተጠበቀም የተወሰደውን መልሶ ያበቅላል።

እጀታው ግን ያቺን ሽፋን ይዞ አልመጣም። ከዛፉ የመጣው የማይበቅለው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት የያዘ እጅ ላጩ የሚያደርገውን ያደርጋል፣ ላጩን የሚያስቆመው ነገር ግን የለውም፤ 9 ዓመት ቢጠብቅም የሚመለስለት ቅርፊት የለም። ከቡሹ ሥር ያለው ብዙውን ጊዜ የካርቦን ፋይበር ቧንቧ ነው። በዚህ በኩል ስናየው «እድፉ የት ያልቃል» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው ስላልታሰበበት አይደለም። መልስ የሚሰጠው ሕያው ነገር ፖርቱጋል ውስጥ ግንዱ ላይ ስለቀረ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ራሱ ድንበሩን ያሳያል፤ ከእሱ የተቆረጠው ነገር ድንበሩን የሚያገኘው ከያዘው ሰው ነው።

በረኪናን የሚመክሩም አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቡሹን ያደርቀዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን በክዳኖቹ ላይ የደረሰው ነው። የወይን ክዳን ሠሪዎች ቡሹን ለማንጣት ለረጅም ጊዜ በክሎሪን ሲያጥቡት ኖረው በኋላ ትተውታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ክሎሪኑ በቡሹ ውስጥ ካሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ፣ ሻጋታም ሲጨመርበት፣ ወይኑን እርጥብ ምድር ቤት እርጥብ ምድር ቤት የሚያሰኝ ሽታ እንዲወለድ መንገድ መክፈቱ ነው፤ ይህን ሽታ አፍንጫ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ሲሆን እንኳ ይለየዋል። ብዙዎቹ ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ዞሩ። ማንጻቱ ራሱ ያረከሰበት ነገር ነው፤ ያውም ዓይን በማያየው መንገድ። ዓይን ብቻውን ዳኛ ሲሆን እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል።

በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያድር የአንድ አዛውንት መቋሚያ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ሲጠቁርና ሲወዝ ማንም በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው አይነሣም። ጥቁረቱ ከእጀታው ጥቁረት በምንም አይለይም፤ ላብ ነው፣ ወዝ ነው፣ አቧራ ነው። ሆኖም አንዱን በአክብሮት እንነካዋለን፣ ሌላውን እናጥበዋለን። ልዩነቱ የእጁን ባለቤት ማወቃችን ይመስለኛል። ዘንጌን የገዛሁት ከሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደነበረ አላውቅም። መጀመሪያ ስጨብጠው የተሰማኝ መጸየፍ ቡሹ ላይ ካለው ነገር የመጣ አልነበረም፤ ዛሬ የራሴ እጅ ያጠቆረውን ቦታ ስነካ ያ ስሜት የለም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እንግዲህ እድፍ የምንለው አንዱ ክፍል ባለቤቱ ያልታወቀ የእጅ ምልክት ነው። ስም ሲያገኝ ማስታወሻ ይሆናል፤ ስም ሲያጣ ቆሻሻ ይሆናል። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ እጠራጠራለሁ፤ ያልታወቀ እጅ እጅ አይደለም? ያ ሰውም በአንድ ወንዝ ዳር ቆሟል፣ አውራ ጣቱን እዚህች ቦታ ላይ አሳርፏል፣ ዓሣው ሲጎትተው ጠበቅ አድርጓል። እኔ ስላላወቅሁት ብቻ የእሱን አውራ ጣት እድፍ የማለት መብት ከየት አገኘሁ?

እዚህ ጋ ሲደርሱ ምንም አታጥቡ ወደሚል መንሸራተት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እዚያ አልሄድም። እጀታ ሥራ አለው። ቡሽ ለእጀታ የተመረጠው ቀላል ስለሆነ፣ እጅ የማያቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ እርጥብ እጅ እንኳ አጥብቆ ሊይዘው ስለሚችል ነው። የደረቀ ዝልግልግና ወዝ ተደራርቦ ሲያብረቀርቅ ይህን ይነጥቀዋል፤ እጅ ይንሸራተታል። እዚያ ላይ ያለው ነገር ያለ ጥርጥር እድፍ ነው፤ ያስቀየመው ዓይንን ስለሆነ አይደለም፣ ቡሹን ቡሽ እንዳይሆን ስለከለከለው ነው። እድፍ ማለት ነገሩ የገዛ ሥራውን እንዳይሠራ የሚያግደው ነገር ነው ብል ከእስካሁኖቹ ፍቺዎች ሁሉ ይህ ይሻለኛል። በዚህ መለኪያ ሳሙናው ግዴታ ነው፤ እጀታው ይገባዋል። የመንጠቆው ጥቁር ነጥብ ግን እድፍ አይደለም፤ የመተንፈሻዎቹም ሰረዝ አይደለም፤ የአውራ ጣቱም ጥላ አይደለም። በአንጻሩ አንዳንዶች እጀታቸው ዳግመኛ እንዳያድፍ ብለው የሚቀቡት ወፍራም ቫርኒሽ፣ ጥርት ያለና ዓይን የሚማርክ ቢሆንም፣ እድፍ ነው። መዳፍ ያገኘው ፕላስቲክን እንጂ ቡሽን አይደለም። ስስ የቡሽ ማሸጊያ የሚቀባ ሰውም ቢሆን ይህን መለኪያ ይዞ ይቀባ፤ እርጥብ እጁን ጭኖ ይሞክር።

መለኪያው ግን ሁሉን አይሸፍንም፤ አንድ ቦታ ላይ ያንሳል። ዘንግ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለጓደኛ የሚሰጥ ሰው ንጹሕ አድርጎ መስጠት ይፈልጋል፤ ይህም ከንቱ ፍላጎት አይደለም። ያደፈ ነገር መስጠት ተቀባዩን ማቃለል ይሆናል፤ ሌላው የጨበጠበትን ቦታ ተከትለህ ጨብጥ ማለትም ይመስላል። ተቀባዩ የራሱን መጀመሪያ የመጀመር መብት አለው። ይህ ክርክር ለረጅም ጊዜ አሸንፎኝ ነበር፤ ለሌላ ሲባል መፋቅ ይፈቀዳል ብዬም አስብ ነበር። ዛሬ ግን በእጀታው ላይ ያለው ቡሽ የተቆጠረ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይገለበጥብኛል። እጀታው መቼም አይበቅልም፤ ሊፋቅ የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሰጪው ገርጣ ያለ እጀታ ለመስጠት ሲል በፋቀ ቁጥር የሚያወጣው ከተቀባዩ ድርሻ ነው። የሚሰጠው ገጽ ሰባት ጊዜ ቢያምር፣ ከሥሩ ያለው አንሷል፤ ያነሰውንም ተቀባዩ አያይም። ንጽሕና ስጦታ ሆኖ ሳለ ከስጦታው ላይ ተቆንጥሮ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ከሰጪው የሚጠበቀው በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ የሚለቀውን ሁሉ ማስለቀቅ፣ የመዳፉን መጨበጫ መመለስ፣ የቀረውን ጥቁረት ሳይደብቁ ማሳየት ይመስለኛል፤ ይህኛው የመንጠቆ ነው፣ ይህኛው የዛፉ ነው፣ ይህኛው የእኔ ነው፣ ይህኛውን ማን እንዳሳረፈው አላውቅም እያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ቡሽ የተቀባዩ ነው፤ የሚፍቀውም፣ ሳይፍቀው የሚያቆየውም እሱ ነው።